ወባ ዳገት የሚወጣው እንዴት ነው?

የቆላ ሰው ንዳድ የሚለውን በሽታ ደገኛው የሚያውቀው በሩቁ ነበር። ለአጨዳ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ይዞት ይመጣል እንጂ በሽታው ከሰፈር ሰው ለሰፈር ሰው አይዛመትም። ብዙዎቻችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ የወባ ትንኝ ስለሌለች ይመስለናል። 2,000 ሜትር ገደማ ላይም ግን አለች። የሚያጥራት ዕድሜ ነው።

ትንኟ ስትፈለፈል ወባ የለባትም። ተውሳኩን የምታገኘው ከታመመ ሰው ደም ነው፤ ተውሳኩም ሆዷ ውስጥ ተራብቶ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ ድረስ ብትነክስም አታስይዝም። ይህ ቆይታ እንደ ሊጥ ነው፤ ሲሞቅ ቶሎ ይደርሳል፣ ሲበርድ ይዘገያል። ገዳዩ የወባ ተውሳክ ፋልሲፓረም ከ16 ዲግሪ በታች ጨርሶ አይበስልም። ከ16 በላይ ያለውን ሙቀት በየቀኑ እየደመረ ይሄዳል፤ ድምሩ 111 ሲሞላ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ 25 ዲግሪ ላይ 12 ቀን ይበቃዋል፤ 18 ላይ ግን 56 ቀን ይፈጅበታል። ሦስት ሳምንት የምትቆይ ትንኝ ደግሞ ከስንት አንዷ ናት።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከ25 ወደ 26 ዲግሪ ቢሞቅ ተውሳኩ የሚያተርፈው አንድ ቀን ነው። ከ18 ወደ 19 ከሆነ ግን 18 ቀን ገደማ ይቆጥባል። አንድ ዲግሪ ማለት ደግሞ 150 ሜትር ያህል ቁልቁል መውረድ ነው።

ይህ በወረቀት ያለ ስሌት ነው። በተግባር ወባ ሲጨምር መድኃኒት ተላምዶ ነው፣ ሰው ስለተዘዋወረ ነው ማለትም ይቻላል። አሚር ሲራጅ፣ መርሴዲስ ፓስኳል እና ባልደረቦቻቸው በ2014 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህን የፈታበት መንገድ ያስደስተኛል። የደብረ ዘይት አካባቢንና የኮሎምቢያዋን አንቲዮኪያ የዓመታት መዝገብ ይዘው፣ በሽታው በዛ ወይስ ቀነሰ ብለው ብቻ አልጠየቁም፤ በየዓመቱ የትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ ተከታተሉ። በሞቃት ዓመት ሽቅብ ይወጣል፣ በቀዝቃዛ ዓመት ይወርዳል። መድኃኒት የለመደ ተውሳክ ዓመቱ ስለቀዘቀዘ ተመልሶ ቁልቁል አይወርድም።

ሽቅብ ሲወጣ የሚያገኘው ያልለመደውን ሰው ነው። ቆላ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ታሞ በመጠኑ ይቋቋመዋል፤ ደገኛው ግን አዋቂውም እንደ ሕፃን ይወድቃል። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በበዛበት ጊዜ የወባ ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ወጥቶ ነበር፤ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴርሞሜትሩ የተሰቀለው ደጅ ነው፤ ደም የጠገበች ትንኝ ግን ብዙ ጊዜ የምታርፈው ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ነው። ሌሊቱን እሳት ያደረበት፣ ከብት የተኛበት ጎጆ ከደጁ ይሞቃል፤ ተውሳኩም ደጅ ከተለካው ሙቀት ከሚጠበቀው ቀድሞ ይበስላል። ግድግዳ ላይ የሚረጨው ኬሚካልም የሚጠብቃት እዚያው ነው። የነከሰችውን ቀን ባይገድላት እንኳ ተውሳኩ ሳይደርስ ከገደላት በቂ ነው። ለዚህ ነው ጤና ኤክስቴንሽኖች ከርጭት በኋላ ግድግዳውን በጭቃ ወይም በእበት አትለቅልቁት የሚሉት፤ ኬሚካሉ ከሥር ይቀራል፣ ትንኟ ከላይ ታርፋለች።