ቤተሰብ ይዞ ወደ አሳይታ፡- ጉዞው የሚታቀደው በኪሎ ሜትር አይደለም

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ጀርመን አገር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን መኪናው ላይ ይጭንና ማለዳ ከሽቱትጋርት ይነሳል። ኦስትሪያን አቋርጦ ምሽቱን ሰሜን ጣሊያን ያድራል። ከአገር ወደ አገር ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ፓስፖርት የሚጠይቀው የለም። የቤንዚን ማደያው፣ መፀዳጃው፣ ልጆቹ የሚበሉት ምግብ ሁሉ በየተወሰነ ርቀት ስለሚገኝ የሱ ዕቅድ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ለፍጥነቱ ማካፈል።

እናታችን አሳይታን ማየት እንደምትፈልግ በነገረችን ጊዜ ወንድሜ ያደረገው ይህንኑ ነበር። በስልኩ ለክቶ “ከአዲስ አበባ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ቀን እንገባለን” አለኝ። እኔም ብሆን የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። ብዙዎቻችን የከተማ ሰዎች የአገራችንን ረዥም መንገድ የምናውቀው በአውሮፕላን መስኮት ነውና፣ ቤተሰብ ይዞ መሬት ለመሬት የመጓዝን ነገር የተማርኩት ከዚህ ጉዞ ነው። ለአንባቢያን ይጠቅማል ብዬ የማስበውን እነሆ።

ነገሩን ለመረዳት ስለ እናቴ ትንሽ ማለት ይኖርብኛል። አባታችን ድሬሰር ነበር። መንግሥት አሳይታ መድቦት እኔ የተወለድኩት እዚያው በ1965 ዓ.ም. ነው። ያኔ አሳይታ የአውሳ ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ መቀመጫ ስትሆን፣ በታችኛው አዋሽ የጥጥ እርሻ የደራበት ዘመን ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ መሬት ሲወርስ ሱልጣኑ ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ አካባቢውም በግጭት ታመሰ። በዓመቱ እኛም አዲስ አበባ ገባን። እናቴ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። አሁን ዕድሜዋ 73 ነው። ስኳር ስላለባት በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች። “እግሬ ሳይከዳኝ ወንዙን ልየው” ነበር ያለችን።

ቀን መምረጥ

የመጀመሪያው ችግር መንገዱ ሳይሆን ካላንደሩ ሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን አሳይታ ከ400 ሜትር በታች ናት። በየ1000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር ካሰብን፣ ወደዚያ የሚወርድ ቤተሰብ ሌላ የአየር ንብረት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለእንግዳ ሰው የሚስማማው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው።

ይሁንና የወንድሜ ልጆች ረዥም ዕረፍት የሚያገኙት እዚህ ክረምት፣ እዚያ ደግሞ በጋ በሆነበት ወቅት ነው፤ ያ ለአፋር የእሳት ጊዜ ነው። የፈረንጆቹ ገና ዕረፍት አጭር ቢሆንም ከቀዝቃዛው ወቅት ጋር ይገጥማል። ግን ታኅሣሥ ለእናቴ የነቢያት ጾም ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ምግብ ሲያዘገይ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ሐኪሟንም የነፍስ አባቷንም ማማከር ግድ ሆነ። ስምምነቱ እንዲህ ነበር፤ ሥጋና ወተት አትበላም፣ ሰዓት ግን አትጾምም። የጾም ምግብ በመንገድ ላይ እንደልብ ስለማይገኝ ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽና የተቀቀለ ድንች አዘጋጀች። ለሙስሊም ቤተሰብም ሒሳቡ ያው ነው፤ በረመዳን ወቅት በአብዛኛው አፋር ቀን ቀን ምግብ ቤት ስለማይከፈት ቀኑን አይቶ መነሳት ያስፈልጋል።

መንገዱን በሰዓት መስፈር

የቀጠርነው ሾፌር በጅቡቲ መስመር ለዓመታት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነበር። የወንድሜን የአንድ ቀን ዕቅድ ሰምቶ ሳቀ። ከዚያም መንገዱን በሦስት ከፈለልን።

የመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፤ 225 ኪሎ ሜትር ያህል። እስከ አዳማ ያለው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ ስለሆነ ወንድሜን አገሩ ያለ አስመስሎታል። ከአዳማ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። አብዛኛው የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ መንገዱ የተሳቢዎች ነው። አንዱን ተሳቢ ለመቅደም አሥር ደቂቃ መጠበቅ የተለመደ ነው። መተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መጥቶ አስፋልቱንም የባቡር ሐዲዱንም ከቦታቸው እንዳስነሳ ለልጆቹ አሳየናቸው። አዋሽ በምድር ባቡር ምክንያት የቆመች ከተማ ናት። የጥንቱ የባቡር ጣቢያና ቡፌው አሁንም የሚታዩ ሲሆን፣ ብሔራዊ ፓርኩም ቅርብ ነው። እዚያ አድሮ ሰውነትን ከሙቀቱ ጋር ማላመድ የሰነፍ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ቀን ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሎጊያና ሰመራ መግባት ነው። ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የዚህ ቀን ሕግ አንድ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት መድረስ። ፍየልና ግመል አስፋልቱን ስለሚያቋርጡ በጨለማ መንዳት አይመከርም፤ ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ ደግሞ በጨቅላና በአረጋዊ ላይ ይበረታል። በገዋኔ የአየሉን ተራራ በስተቀኝ እያዩ ያልፋሉ። ሚሌ ላይ ኬላ አለ፤ የሁሉም ሰው መታወቂያ ከሻንጣ በላይ መቀመጥ ይኖርበታል። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳርም በዚሁ በታችኛው አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ነው። የወንድሜ ልጅ “ታዲያ ሉሲም በዚህ ሙቀት ነበር የምትኖረው?” ብሎ ጠይቆኛል። ያኔ አካባቢው ዛሬ ከምናየው ይልቅ ዛፍና ውኃ የበዛበት እንደነበረ ሳይንቲስቶቹ እንደሚናገሩ ነገርኩት።

ሦስተኛው ቀን ማለዳ ከሰመራ ተነስቶ የጅቡቲን መንገድ ወደ ቀኝ በመልቀቅ አሳይታ መግባት ነው። አጭር ነው፤ ግን ለዚህ ቀን ጉልበት የሚተርፈው ሁለቱ ቀናት በአግባቡ ከተከፈሉ ብቻ ነው።

ሙቀትና መድኃኒት

የዕቅዱ ማዕከል ከመኪናው ውስጥ በጣም ደካማው ሰው ነው። የእኛ ደካማ እናቴ ነበረች፤ የእሷ ደካማ ደግሞ ኢንሱሊኗ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። የቆመ መኪና ውስጥ ያለው አየር ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከዚህ በእጅጉ ያልፋል። ስለዚህ በረዶ ያለበት ማቀዝቀዣ ሣጥን ያዝን። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር በረዶውም ጠላት መሆኑ ነው። ኢንሱሊን አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይሠራም፤ ይጣላል። ጠርሙሶቹን በፎጣ ጠቅልለን በረዶውን ሳይነኩ አስቀመጥን። ግማሹን ደግሞ በሌላ ቦርሳ ለይተን ያዝን፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ነው። በመንገድ ላይ ማቀዝቀዣ ያለው ሆቴል መኖሩንም ቀድመን በስልክ ጠየቅን።

ሙቀት ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ በፍጥነት እንዲሰራጭ ስለሚያደርግ ስኳሯን ከወትሮው አብዝተን እንድንለካ ሐኪሙ አዝዞን ነበር። ከረሜላና ጭማቂ ከእጃችን አልተለየም። ውኃ በሰው በቀን አራት ሊትር ሒሳብ ጫንን፤ የመኪናው ለብቻው በጀሪካን ነበር። ቆላው የወባ አገር ስለሆነም አጎበር ይዘናል፤ መከላከያ መድኃኒት ስለመውሰድም ቀድመን ሐኪም አማከርን።

መኪናው

ሾፌሩ ከሁሉ በላይ የፈራው ሞተሩን ሳይሆን ጎማውን ነበር። አስፋልቱ ሲግል በጎማው ውስጥ ያለው አየር ስለሚሰፋ ያረጀ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። ነፋሱ መለካት ያለበት ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። በመንገድ ላይ “በዝቷል” ብሎ ከጋለ ጎማ ነፋስ ማውጣት ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከሚፈለገው በታች ይሆናል። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና የጎማ ቁልፍ መኖሩን አዲስ አበባ ሳለን አውጥተን አየን። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ነዳጅ ግማሽ ሳይደርስ ይሞላል፤ የሚቀጥለው ማደያ ነዳጅ ላይኖረው ይችላልና።

“አንሄድም” የሚባልበት ቀን

ይህን ሁሉ ያሰናዳነው ለታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነበር። አልሄድንም። አንባቢያን እንደሚያስታውሱት በዚያ ወቅት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። የመጀመሪያ ማደሪያችን እዚያው ነበር። ወንድሜ ከነቤተሰቡ መጥቶ አዲስ አበባ ቁጭ ብሏል፤ ቲኬቱ ተከፍሏል፤ እናቴ ሻንጣዋን አስራለች። ወንድሜ “በአንድ ቀን ሳናድር እንለፈው” አለ። ክርክራችን ከረረ፤ ድምፃችንም ከፍ አለ። የጨረሰችው እናቴ ናት። “እነዚያ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው በሚወጡበት መንገድ እኔ ለመዝናናት አልገባም” አለች። ሻንጣዋን ፈታች።

ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት ለ73 ዓመት ሰው ቃል የሚገባበት ነገር እንዳልሆነ። ቢሆንም ውሳኔው ልክ ነበር። ቤተሰብ የሚይዝ ሰው ከመነሳቱ በፊት “ይህ ከሆነ አንሄድም” የሚለውን ነገር በወረቀት ማስፈር አለበት። ለዚህ መስመር ሦስት ነገር ጻፍን፤ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የጎርፍ ወሬና በመንገዱ ላይ ግጭት። በአፋርና በሶማሌ ኢሳ መካከል በሚነሳ ግጭት ይህ መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሚሌ አጠገብ ደርሶ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ወንድሜ ትልቁን ልጁን ብቻ ይዞ መጣ፤ የአራት ሰው ቲኬት ሁለት ዓመት አከታትሎ መግዛት አልቻለም። በዚህኛው ጊዜ ወሬ የምንጠይቀው ከስልክ ብቻ አልነበረም። አፋሮች “ዳጉ” የሚሉት ባህል አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ከነምንጩ ይለዋወጣል። ሾፌራችንም በየማደሪያውና በየሻይ ቤቱ ከወደፊት የመጡትን ሹፌሮች ሳይጠይቅ አይነሳም ነበር። ወንድሜ መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መስሎት ሲቆጣ፣ ገዋኔ ስንደርስ ራሱ ጠያቂ ሆኖ አገኘሁት።

ባዶ ቀን

የዕቅዳችን ትልቁ ስሕተት የታየው መጨረሻ ላይ ነው። ለመንገዱ ስድስት ቀን ስንመድብ ለአሳይታ የሰጠናት ሦስት ሰዓት ነበር። ደርሶ፣ አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ መመለስ።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። አሳይታን አልፎ ሐይቅ ሐይቅ እየሆነ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እናቴ ከከተማዋ ዳር፣ ከገደሉ ጫፍ ቆማ ቁልቁል ወንዙን ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሠፈሩን ፍለጋ ገባን። ቤቱ የለም። ግን ሾፌራችን በአፋርኛ ሲጠይቅ፣ ሰው ሰውን እየጠራ በአንድ ሰዓት ውስጥ እናቴ በአራስነቷ ወተት ያመጣላት የነበረ ቤተሰብ ልጅ የሆኑ አንዲት ሴት ተገኙ። አባቴን “ሐኪሙ” እያሉ ያስታውሱታል። ሻይ ተፈላ። ሦስቱ ሰዓት እዚያው አለቀ።

ሰዓቴን ሳይ እናቴ አየችኝ። “እናንተ ሂዱ፤ እኔ ነገ እመጣለሁ” አለች። ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከተተና ኢንሱሊኑ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ፍለጋ ወጣ። እዚያው አደርን።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ቀኑን በአየሩ፣ መንገዱን በሰዓት፣ ጭነቱን በደካማው ሰው ይለኩ። “አንሄድም” የሚሉበትን ምክንያት አስቀድመው ይጻፉ። ከሁሉም በላይ ግን በሄዱበት ቦታ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ቀን ይተው።