ማኅተሙ ምን ይላል?

ደብዳቤ ሲደርሰን አብዛኞቻችን የምናየው ቴምብሩን ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ማኅተሙ ላጫውታችሁ። ቴምብር ተገዝቶ ኪስ ውስጥ ሊከርም ይችላል። ማኅተም ግን ደብዳቤው የትና መቼ እንደነበረ ይመሰክራል። ለምሳሌ የሚሆነኝ ጀርመን በቻይና የነበራት የባቡር ፖስታ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን በሰው አገር የራሷን ፖስታ ቤት ትከፍት ነበር፤ በሻንጋይ በ1886፣ በኢየሩሳሌም በ1900 ከፍታለች። በ1897 ደግሞ በቻይና ሻንዶንግ ጠረፍ የሚገኘውን የጂያውጆው ወሽመጥ በጦር ኃይል ያዘች። በዓመቱ ቦታውን ለ99 ዓመት በኪራይ ስትወስድ ወደ መሀል አገር ሐዲድ የመዘርጋት መብትም በውሉ ውስጥ አስገባች። ሐዲዱ ከወደቡ ከቺንግዳው ተነሥቶ በ1904 ጂናን ደረሰ። ርዝመቱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ታዲያ ባቡሩ ፖስታ ቤትም ነበር። ሠራተኛው በጉዞ ላይ እያለ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ይለያል፣ ማኅተም ይመታል። ፖስታ ቤቱ ተንቀሳቃሽ ስለሆነ በሞላላው ማኅተም ላይ የሚጻፈው የአንድ ከተማ ስም ሳይሆን የመስመሩ ሁለት ጫፍ ነው። ከሱ ጋር «ባንፖስት» ማለትም የባቡር ፖስታ፣ «ጹግ» ማለትም ባቡር ከነቁጥሩ፣ እንዲሁም ቀኑ ይሰፍራል።

መጀመሪያ «ቺንግዳው–ጋውሚ» ይል የነበረው ማኅተም ኋላ «ቺንግዳው–ጂናን» ሆነ። ጋውሚም ሆነ ጂናን ከኪራዩ መሬት ውጪ ናቸው። እንግዲህ የጀርመን መንግሥት እጅ በቻይና ምድር ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ከካርታው ይልቅ ይቺ ትንሽ ማኅተም ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች ማለት ነው። ነገሩ ብዙም አልቆየም። በኅዳር 1914 ቺንግዳው በጃፓን ጦር ተያዘች፤ በ1917 ደግሞ ቻይና በግዛቷ የቀሩትን የጀርመን ፖስታ ቤቶች ዘጋች።

ይህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን ይጠቅማል? ማኅተም ምስክር ነው ብያለሁ፤ ምስክር ግን ይዋሻል። ሰብሳቢዎች ለብርቅዬ ማኅተም ጥሩ ዋጋ ስለሚከፍሉ አስመስሎ የሚሠራ አይጠፋም። አንድ ሰው «ቺንግዳው–ጂናን» የሚል የ1902 ማኅተም ቢያመጣላችሁ ምን ትሉታላችሁ? በ1902 ባቡሩ ገና ጂናን አልገባም። ሰነድ ሲሰጠን ማማሩን ትተን ቀኑንና ቦታውን ከሌላ ማስረጃ ጋር እናመሳክር። ዜናም ከዚህ የተለየ አይደለም።