ኢንሱሊኑ ነው ወይስ ውፍረቱ የሚቀድመው?

በጣም የወፈሩ ሰዎች ደም ውስጥ ኢንሱሊን እንደሚበዛ የሚክድ ሐኪም የለም። ጭቅጭቁ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ኢንሱሊኑ በዝቶ ነው ሰው የሚወፍረው፣ ወይስ ወፍሮ ነው ኢንሱሊኑ የሚበዛው?

እ.ኤ.አ. በ1960 ሮዛሊን ያሎው እና ሰለሞን በርሰን ኒውዮርክ ውስጥ በደም ያለውን ኢንሱሊን መለኪያ ዘዴ ሲያወጡ ጉዱ ታየ። በጉልምስና ስኳር ከያዛቸው ብዙዎቹ ኢንሱሊን አልጎደላቸውም፤ እንዲያውም ተርፏቸዋል። ሰውነት አልታዘዝ ሲል ቆሽት እያበዛ ያመነጫል ማለት ነው።

ኢንሱሊን ስኳርን ወደ ሴል ማስገባት ብቻ አይደለም ሥራው። የስብ ጎተራ ጠባቂም ነው፤ ሲበዛ በሩን ይዘጋል። ኢንሱሊን የሌለው ሕመምተኛ ካልታከመ የቱንም ያህል ቢበላ ከስቶ ያልቃል፤ መርፌ የጀመረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኪሎ ይጨምራል። ጸሐፊው ጋሪ ታውብስና ሌሎች ከዚህ ተነሥተው ዋናው ጥፋተኛ ኢንሱሊን የሚያንረው ዳቦ፣ ሩዝና ስኳር እንጂ የካሎሪው ብዛት አይደለም አሉ።

ታውብስ ከሐኪሙ ፒተር አቲያ ጋር በ2012 ያቋቋመው ድርጅት ለሙከራ ገንዘብ አወጣ። 17 ወፍራም ወንዶች ለ4 ሳምንት ካርቦሃይድሬት የበዛበት፣ ለ4 ሳምንት ደግሞ ካርቦሃይድሬቱ እጅግ የተቀነሰ፣ ካሎሪው ግን እኩል የሆነ ምግብ እየተለካ ቀረበላቸው። በየሳምንቱም የሚያቃጥሉት ጉልበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይለካ ነበር። በኬቨን ሆል መሪነት የተሠራው ጥናት በ2016 ሲወጣ ኢንሱሊኑ በግማሽ ገደማ ወርዷል፤ የሚቃጠለው ጉልበት ግን የጨመረው በቀን 57 ካሎሪ አካባቢ ብቻ ነው። የስቡ መቀነስ ጭራሽ ዘገየ። የምግቦቹ ተራ በዕጣ አለመለየቱ ተተችቷል፤ ትችቱ ተገቢ ነው። ቢሆንም የሐሳቡ አራማጆች ራሳቸው የከፈሉበት ሙከራ ስለሆነ በቀላሉ አይገፋም።

በ2018 የታተመው የስታንፎርድ ጥናትም 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ቅባት የቀነሱት 5.3፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ መጣላቸውን አገኘ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኢንሱሊናቸው ከፍ ያለውም በአንዱ ምግብ ተለይተው አልተጠቀሙም።

እንዲህም ሆኖ ኢንሱሊን ነጻ አልወጣም። ካናዳ ውስጥ የጄምስ ጆንሰን ቡድን የኢንሱሊን ጂናቸውን የቀነሰባቸው አይጦች ቅባት እየበሉ ከመወፈር ዳኑ፤ ይህ በ2012 የታተመ ነው። እንደ ኦዜምፒክ ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያሉ፦ ከምግብ በኋላ ቆሽትን ለኢንሱሊን እየገፋፉም ኪሎ ያስጥላሉ፤ አንጎል ላይ የምግብ ፍላጎትን ስለሚያበርዱ።