የሚያስታውስ ሱቅ፣ የሚከታተል ገበያ

በኢንተርኔት የሚነግዱ ድርጅቶች የሚደጋግሙት መከራከሪያ አለ። ገዢው የሚስማማው ዕቃ እንዲቀርብለት ከፈለገ ማንነቱን ማሳወቁ ግድ ነው ይላሉ፤ ገመናዬን ልጠብቅ ካለ ደግሞ የማይመለከተውን ማስታወቂያ ይቻል። ነገሩ ሲጀመር ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 የድር ማሰሻ ሠሪው ኔትስኬፕ መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ ኩኪ የሚባለውን ትንሽ ፋይል የፈጠረው ድረ ገጾች ዝንጉ ስለነበሩ ነው፤ ገዢው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሻገር ዘንቢሉ ውስጥ የከተተውን አያስታውሱም ነበር። ኩኪው በገዢው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ለላከው ድረ ገጽ ብቻ ተመልሶ እንዲነበብ ተደረገ። ስምም፣ አድራሻም አያስፈልገውም ነበር።

ቀዳዳው ለመገኘት ብዙ አልቆየም። አንድ ገጽ ላይ የሚታይ ምስል ከሌላ ድርጅት ሰርቨር ሊመጣ ይችላል፤ ያም ድርጅት የራሱን ኩኪ ያስቀምጣል። እንደ ደብልክሊክ ያሉ የማስታወቂያ ድርጅቶች ምስላቸውን በብዙ ድረ ገጾች ላይ ሲበትኑ፣ አንድ ሰው ጠዋት ያነበበውን ዜና፣ ቀን የጠየቀውን መድኃኒት፣ ማታ የተመለከተውን ጫማ በአንድ መለያ ቁጥር ሥር ማከማቸት ቻሉ። ባለሱቅ የዱቤ ደብተር መያዙ ማንንም አያስከፋም፤ የየሱቁን ደብተር ሰብስቦ የሰፈሩን ሰው ኑሮ የሚያገላብጥ ግን ሥራው ሌላ ነው። ደብልክሊክ በ1999 የካታሎግ ገዢዎችን ስምና አድራሻ የያዘውን አባከስ ዳይሬክትን ገዝቶ ሁለቱን መዝገቦች ሊያገናኝ ሲነሳ ተቃውሞው በረታበትና በ2000 ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። እንግዲህ ሰው የተቆጣው መታወሱን ሳይሆን መከታተሉን ጠልቶ ነው።

ያለ ክትትል ማስታወቂያ አይሸጥም የሚለውን ለመፈተን ወደ ሆላንድ መሄድ ይበቃል። የሕዝብ ብሮድካስተሩን ማስታወቂያ የሚሸጠው ስተር በ2020 መጀመሪያ የክትትል ኩኪዎችን ተወና ማስታወቂያውን ከተመልካቹ ታሪክ ይልቅ ከሚታየው ፕሮግራም ይዘት ጋር ማዛመድ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የዲጂታል ገቢው ከቀዳሚው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ከግማሽ በላይ አደገ። አንዱ ምክንያት በመካከል የነበሩት የማስታወቂያ ደላሎች ድርሻ መቅረቱ ነው።

ስተር ትልቅ ነው፣ ትንሹ ነጋዴስ? ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው። አፕል በ2021 መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን ከመከታተላቸው በፊት እንዲያስፈቅዱ ሲያስገድድ፣ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2022 ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገቢ ሊያሳጣኝ ይችላል አለ፤ ክትትል ዋጋ የለውም ብሎ መከራከር አይቻልም። ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ለተበተኑ ደንበኞች የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ሰውም ገዢ ለማግኘት የሚያወጣው ወጪ ሊጨምርበት ይችላል። ነገር ግን ይህ ሻጭ ገዢዎቹ የሚያነቡትን የአማርኛ ገጽና የሚፈልጉትን ቃል ያውቃል፤ የገዢው የጤና ፍለጋ ምን ይጨምርለታል?

«ተጠቃሚው ተስማምቷል» የሚለው መልስ ይበልጥ ደካማ ነው። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2021 መጨረሻ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በአንድ ንክኪ «እቀበላለሁ» ማለት ሲቻል እምቢ ማለት ብዙ ንክኪ ስለሚጠይቅ ነበር።

የራስን ደንበኛ ብቻ ማስታወስም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። በ2012 የኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት እንደዘገበው የአሜሪካው የሱቆች ሰንሰለት ታርጌት 25 ያህል ዕቃዎችን፣ ለምሳሌ ሽታ የሌለው ሎሽን፣ እያየ የትኛዋ ደንበኛ ነፍሰ ጡር እንደሆነች ይገምት ነበር። ሴቶቹ መጠርጠራቸው ምቾት እንደሚነሳቸው ሲረዳ ግን ግምቱን አልተወም፤ የሕፃን ዕቃ ማስታወቂያውን ከሣር ማጨጃ ማስታወቂያ ጋር ቀላቅሎ ደበቀው። ለእኔ መስመሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሱቁ ለደንበኛው ፊት ለፊት ሊነግረው የሚያፍርበትን ግምት መያዝ የለበትም።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ የሕግ ጥያቄ ሆኗል። በ2024 የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል፤ መረጃም ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል ይጠይቃል። ዕቃ ለማድረስ የተሰጠ ስልክ ቁጥር ያልተጠየቀ ማስታወቂያ ሲላክበት፣ ደንበኛው አቤት የሚልበት ሕግ አለ ማለት ነው።