የጤና ነክ የኑሮ ጥራት መጠይቆች አስተማማኝነትና ትክክለኛነት፦ ከጋዝጊብላ አንጻር ሲታይ

የአንድ ሕክምና ውጤት የሚመዘነው በሞት መጠን ወይም በላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ውኃ መቅዳት፣ ገበያ መውጣት፣ ለቅሶ መድረስና እንቅልፍ መተኛት መቻሉም የሕክምናው ውጤት ነው። ይህን በቁጥር ለመግለጽ ልዩ ልዩ መጠይቆች ተዘጋጅተዋል። በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ የሆነው ኤስ ኤፍ-36 በ36 ጥያቄዎች አማካይነት እንደ አካላዊ ብቃት፣ ሕመም፣ ብርታት፣ ማኅበራዊ ተሳትፎና የአእምሮ ጤና ያሉ ስምንት ዘርፎችን ይዳስሳል፤ እያንዳንዱንም ከ0 እስከ 100 ይመዝናል።

በኢትዮጵያ ይህ መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር ነዋሪዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ለካንሰር ሕሙማን የተዘጋጀው ኪው ኤል ኪው-ሲ30 የተባለው መጠይቅ የአማርኛ ትርጉምም በሴቶች የመራቢያ አካላት ካንሰር በተያዙ ሕሙማን ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ለኅትመት በቅቷል። ይሁን እንጂ በአንድ ሥፍራ ተፈትኖ ያለፈ መጠይቅ ከአማርኛ ጋር ኽምጣና በሚነገርበት በዋግ ኽምራ፣ ለምሳሌ በጋዝጊብላ ወረዳ፣ እንዳለ ሊሠራ ይችላልን? መልሱ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ለይቶ መረዳትን ይጠይቃል።

አስተማማኝነት ማለት የሚለካው ነገር እስካልተለወጠ ድረስ መለኪያው ተመሳሳይ ውጤት መስጠቱ ነው። ትክክለኛነት ደግሞ መለኪያው ሊለካ የታሰበውን ነገር በእርግጥ መለካቱ ነው። በጤና ኬላ ያለ የሕፃናት ሚዛን ዘወትር አንድ ኪሎ የሚያጎድል ቢሆን አስተማማኝ ነው፤ ትክክለኛ ግን አይደለም። ጤናማውን ሕፃን በምግብ እጥረት የተጎዳ ያስመስለዋል።

አስተማማኝነት ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ በአንድ ዘርፍ ሥር ያሉ ጥያቄዎች እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያሳየው የክሮንባክ አልፋ ነው። ቡድኖችን ለማነጻጸር 0.70፣ ለአንድ ግለሰብ ውሳኔ ለመስጠት ግን 0.90 ያህል ይፈለጋል። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። የውጤቶቹ መደበኛ ልይይት 20፣ አልፋው 0.75 ቢሆን የመለኪያው ስሕተት 10 ነጥብ ይሆናል። 50 ያገኘ ሰው እውነተኛ ውጤት እንግዲህ በ30 እና በ70 መካከል ሊሆን ይችላል። ሌላው መንገድ መጠይቁን ከተወሰኑ ቀናት በኋላ መድገም ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው መጠይቅ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ ሁለተኛው በጾሙ ውስጥ ቢሞላ፣ ወይም በመካከሉ የአጨዳ ወቅት ቢገባ የብርታትና የድካም መልሶች በእርግጥ ይለወጣሉ። ይህ የመጠይቁ ጉድለት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ከፍተኛ አልፋ የትክክለኛነት ማስረጃ ተደርጎ ሲወሰድ አደጋው ይከተላል። የኤስ ኤፍ-36 እንግሊዝኛ ቅጂ መካከለኛ እንቅስቃሴን የሚያስረዳው ጠረጴዛ በማንቀሳቀስ፣ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ በመግፋት፣ በቦውሊንግና በጎልፍ ጨዋታ ነው። የጉልበት ሕመም ያለባት አንዲት የጋዝጊብላ ገበሬ በእነዚህ ሥራዎች ጤናዋ ያግዳት እንደሆነ ብትጠየቅ፣ ሠርታቸው ስለማታውቅ «አላገደኝም» ልትል ትችላለች። በዚህም ሙሉ ነጥብ ታገኛለች። ጀሪካን አዝላ ዳገት መውጣት ማቆሟ ግን ከቁጥሩ ውስጥ አይገኝም። ጎረቤቶቿም ጥያቄዎቹን እንደ እርሷ ተረድተው ቢመልሱ እንኳ አልፋው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ መሳሳታቸውን አልፋው አይናገርም። በዚህ ቁጥር ተመርኩዞ ቢታቀድ ሕክምናው የሚቀርባት ይበልጥ የምትሻው ሴት ናት።

የቋንቋና የባህል ጠባይም ሊታሰብበት ይገባል። «ጤናዎ እንዴት ነው?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ምስጋና እንጂ የጤና ደረጃ አይደለም። መጠይቁን የሚያነበው ሕክምና የሚሰጠው ባለሙያ ራሱ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂዋ እርሱን ላለማስቀየም ስትል መልሷን ልታሳምር ትችላለች።

ይህ ሥጋት ብቻ አለመሆኑን በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ። የኤድንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መጠይቅ የኑሮ ጥራት መለኪያ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በቡታጅራ ገጠር እናቶች ዘንድ ሕሙማንን ከጤነኞች የመለየት ችሎታው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት ግን በአዲስ አበባ እናቶች ላይ በሚገባ ሠርቷል።

ስለዚህ በጋዝጊብላ አንድ መጠይቅ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚከተሉት እርምጃዎች አስፈላጊ ናቸው። በመጀመሪያ ወደ ኽምጣናና ወደ አካባቢው አማርኛ ሊተረጎምና የመጀመሪያውን ቅጂ ባላየ ሌላ ተርጓሚ ወደ ምንጩ ቋንቋ ሊመለስ ይገባል። ቀጥሎም ጥቂት ነዋሪዎች እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር እንዲያስረዱ ይደረጋል፤ የተሳሳተ ግንዛቤ በአብዛኛው የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ጎልፍ በአረም ወይም ውኃ በመቅዳት የሚተካ ከሆነ ለውጡ በጽሑፍ ሊወሰንና ሁሉም ጠያቂዎች አንድ ዓይነት ቃል ሊጠቀሙ ይገባል። በመጨረሻም ውጤቱ ከሐኪም ምርመራና ሕመምተኛዋ በእርግጥ ከምትሠራው ሥራ ጋር ይመሳከራል። በምርመራ የከፋ ሕመም የተገኘባቸው ሰዎች በመጠይቁ ከጤነኞች እኩል ነጥብ ካገኙ መታረም ያለበት መጠይቁ ነው እንጂ የሕሙማኑ መልስ አይደለም።