አስገዳጅ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ለትምህርት ቤት አውቶቡስ አሽከርካሪዎች

መግቢያ

የትምህርት ቤት አውቶቡስ አሽከርካሪ በየማለዳው የብዙ ወላጆችን አደራ ተረክቦ መንገድ ይጀምራል። አልኮልም ሆነ አደንዛዥ ዕፅ ትኩረትን፣ ርቀትን የመገመት ችሎታንና የምላሽ ፍጥነትን ስለሚያዛባ የዚህ ባለሙያ ጤንነት የግሉ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል በስህተት የተተረጎመ አንድ የላቦራቶሪ ውጤት የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። በአሜሪካ በሥራ ላይ ያለው የግዴታ ምርመራ ሥርዓት እነዚህን ሁለት ጉዳቶች ለመከላከል የተዋቀረ ነው። ይህ ጽሑፍ የሥርዓቱን አሠራር፣ የሐኪሙን ድርሻና የምርመራውን ውስንነት ያብራራል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።

የሕጉ አመጣጥ

ለሕጉ መውጣት ምክንያት የሆኑት የባቡር አደጋዎች ነበሩ። በጃንዋሪ 1987 በሜሪላንድ ግዛት ቼዝ በተባለ ስፍራ በደረሰ የባቡር ግጭት 16 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከባቡሮቹ የአንዱ ሠራተኞች ማሪዋና ተጠቅመው እንደነበር ታወቀ። በኦገስት 1991 ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 5 ሰዎች ሞቱ፤ አሽከርካሪው ሰክሮ ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የጸደቀው ሕግ የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸውን አሽከርካሪዎች ጨምሮ በትራንስፖርት ዘርፍ ለደኅንነት ወሳኝ በሆነ ሥራ የተሠማሩ ሠራተኞች እንዲመረመሩ ደነገገ። አሠራሩም በ1995 በትልልቅ አሠሪዎች፣ በ1996 በትንንሾቹ ዘንድ ተጀመረ። አሽከርካሪውን ጨምሮ 16 ወይም ከዚያ በላይ ሰው እንዲይዝ የተሠራ አውቶቡስ የሚነዳ ሁሉ፣ ቀጣሪው የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢሆንም፣ በሕጉ ይሸፈናል። ከዚህ ያነሱ ተሽከርካሪዎችን የሚነዱ ግን በአብዛኛው ከፌዴራሉ ግዴታ ውጭ ናቸው።

ምርመራው የሚካሄድባቸው ጊዜያት

አሽከርካሪው ከመቀጠሩ በፊት የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ያደርጋል። ከተቀጠረም በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ በዕጣ ሲመረጥ፣ ከከባድ አደጋ በኋላና የሠለጠነ ተቆጣጣሪ በቂ ጥርጣሬ ሲያድርበት ይመረመራል። ጥፋት የተገኘበት ደግሞ ወደ ሥራ ሲመለስና ከዚያ በኋላ በክትትል ወቅት ምርመራ ይደረግለታል። ከ2020 ጀምሮ በዕጣ የሚካሄደው ዓመታዊ ምርመራ ዝቅተኛ መጠን ለአደንዛዥ ዕፅ ከአሽከርካሪዎች ቁጥር 50 በመቶ፣ ለአልኮል 10 በመቶ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ለመመርመር እምቢ ማለት ራሱ እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

አልኮልና የማለዳ ጉዞ

የአልኮል ማረጋገጫ ምርመራ በትንፋሽ ይካሄዳል። የመጀመሪያው ውጤት 0.02 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በአፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ውጤቱን እንዳያዛባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ተጠብቆ ማረጋገጫው ይደረጋል። ከ0.02 እስከ 0.039 የተገኘበት አሽከርካሪ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከመንዳት ይታገዳል፤ 0.04 ወይም ከዚያ በላይ የተገኘበት ሕጉን እንደጣሰ ይቆጠራል።

ለዚህ ሥራ ልዩ ሥጋት የሚሆነው ጠዋት በመሪው ላይ ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው ብቻ አይደለም፤ ማታ ጠጥቶ፣ ተኝቶና ታጥቦ የሚመጣውም ነው። ጉበት የደምን የአልኮል መጠን በሰዓት በአማካይ ወደ 0.015 በመቶ ይቀንሳል። በእኩለ ሌሊት መጠኑ 0.15 በመቶ የነበረ ሰው ከስድስት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ፣ ማለትም ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና 0.06 በመቶ ገደማ ይኖረዋል። እንቅልፍም ሆነ ቡና ይህን ሂደት አያፋጥነውም። ሕጉ ከሥራ በፊት ባሉት አራት ሰዓታት መጠጣትን ይከለክላል፤ ብዙ ለጠጣ ሰው ግን አራት ሰዓት እንደማይበቃ ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

የሽንት ናሙናና የሐኪሙ ድርሻ

የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራው አምስት የዕፅ ቤተሰቦችን ይፈልጋል፤ እነርሱም ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚኖች፣ ኦፒዮይዶችና ፌንሳይክሊዲን ናቸው። የሽንት ናሙናው ቢያንስ 45 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይገባል። በተሰጠ በአራት ደቂቃ ውስጥም ሙቀቱ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያም በአሽከርካሪው ፊት በሁለት ዕቃ ተከፍሎ ይታሸጋል። የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ከሆነ አሽከርካሪው በ72 ሰዓት ውስጥ ሁለተኛው ናሙና በሌላ ላቦራቶሪ እንዲመረመርለት ሊጠይቅ ይችላል።

ላቦራቶሪው ውጤቱን በቀጥታ ለአሠሪው አይልክም። በመካከል ውጤት ገምጋሚ የሆነ ሐኪም አለ። ይህ ሐኪም ፖዘቲቭ ውጤት ሲደርሰው አሽከርካሪውን በግል አነጋግሮ የሐኪም ትእዛዝ እንዳለው ይጠይቃል፣ ያጣራልም። ለምሳሌ ለትኩረት ማነስ ችግር የታዘዘ አምፌታሚን መሆኑ ከተረጋገጠ ውጤቱ ለአሠሪው ኔጋቲቭ ተብሎ ይገለጻል። ሆኖም መድኃኒቱ ለመንዳት የሚያሰጋ ከሆነ ሐኪሙ ጉዳዩን ችላ ሊለው አይገባም። ማሪዋናን በተመለከተ የትራንስፖርት መምሪያው በ2009 እና በ2012 ባወጣቸው መግለጫዎች የግዛት ፈቃድ ተቀባይነት ያለው ምክንያት እንደማይሆን አስታውቋል።

የምርመራው ውስንነት

የሽንት ምርመራ ዕፁ ወደ ሰውነት መግባቱን እንጂ አሽከርካሪው በዚያች ሰዓት መዳከሙን አያሳይም። የኮኬይን ቅሪት አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት ብቻ ሲታይ፣ የማሪዋና ቅሪት ግን አዘውትሮ በሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ምርመራው የሚያገኘውም የሚፈልገውን ብቻ ነው። በአሜሪካ ለሚያሽከረክሩ ኢትዮጵያውያን በተለይ መታወቅ ያለበት የጫት ጉዳይ ነው። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን ከአምስቱ ቤተሰቦች አይቆጠርም፤ ነገር ግን ከ1993 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው የመጀመሪያ ደረጃ ዕፆች ተመድቧል። ምርመራው ዝም ማለቱ ፈቃድ አይደለም። ሌሊቱን በምርቃና ያሳለፈ አሽከርካሪ የላቦራቶሪ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንም እንቅልፍ ያጣ አሽከርካሪ ነው። እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶችም እንዲሁ በዚህ ምርመራ አይታዩም። ተቆጣጣሪዎች ስለ አልኮል አንድ ሰዓት፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅ አንድ ሰዓት ሥልጠና እንዲወስዱ የተደነገገው መሣሪያው የማያየውን ዓይን ሊያየው ስለሚችል ነው።

ጥፋት ከተገኘ በኋላ

ጥፋት የተገኘበት አሽከርካሪ ወዲያውኑ ከመሪ ይነሣል። ወደ ሥራ ሊመለስ የሚችለው በሱስ ጉዳይ ባለሙያ ተመርምሮ፣ የታዘዘለትን ሕክምና ወይም ትምህርት ፈጽሞና በድጋሚ ተመርምሮ ኔጋቲቭ ሲሆን ነው። ከዚያም በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ይመረመራል፤ ክትትሉ እስከ 60 ወራት ሊዘልቅ ይችላል። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ጥፋቶች በብሔራዊ መዝገብ ስለሚሰፍሩ አሠሪ በመቀየር መሰወር አስቸጋሪ ሆኗል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህም ግዛቶች እገዳ ላይ ያለን አሽከርካሪ የንግድ መንጃ ፈቃድ መብት እንዲያነሡ ይገደዳሉ። ሥራውን የመልቀቅ ግዴታ ግን የፌዴራሉ ሕግ አልጣለም፤ ማሰናበትን ለአሠሪው ውሳኔ ይተወዋል።

ማጠቃለያ

የግዴታ ምርመራ ጠቃሚ የመከላከያ መሣሪያ ነው፤ ብቻውን ግን ሕፃናቱን አይጠብቅም። አሽከርካሪዎችን የሚያክም ሐኪም ሁሉ የታካሚውን ሥራ መጠየቅ፣ የሚያዘው መድኃኒት መንዳትን የሚያውክ መሆኑን በግልጽ መንገር፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት ልማድም ያለ ነቀፌታ መወያየት ይኖርበታል። ችግሩን ለሐኪሙ በጊዜ የተናገረ አሽከርካሪ ሕክምናውን የሚጀምረው አደጋ ሳይደርስ ነው።