ከባዱ ሲቀድም፦ የንጥረ ነገሮች ተራና የአቶም ክብደት

የፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ እስከ ዩራኒየም ሲነበብ የአቶም ክብደት እየጨመረ ይሄዳል። በአራት ቦታ ግን ከባዱ ቀላሉን ይቀድማል፦ አርጎን (39.95) ፖታሲየምን (39.10)፣ ኮባልት (58.93) ኒኬልን (58.69)፣ ቴሉሪየም (127.60) አዮዲንን (126.90)፣ ቶሪየም (232.04) ፕሮታክቲኒየምን (231.04)።

ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሰንጠረዡን ሲያወጣ ቴሉሪየምን ከአዮዲን በፊት አስቀመጠ። የአዮዲን ጠባይ ከክሎሪንና ከብሮሚን ጋር ስለሚመሳሰል፣ ከክብደት ይልቅ ጠባይን አምኖ ነው። የቴሉሪየም ክብደት በስህተት የተለካ መሰለው፤ ልኬቱ ግን ትክክል ነበር። መልሱ የተገኘው በ1913 ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ የየንጥረ ነገሩን ኤክስሬይ ለክቶ፣ ተራውን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን የፕሮቶን ብዛት መሆኑን አሳየ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ27 ዓመቱ ጋሊፖሊ ላይ በጦርነት ሞተ፤ ለሳይንስ ከባድ ጉዳት ነበር።

ክብደቱን የሚያዛባው ኒውትሮን ነው። በደሴ ሰኞ ገበያ በሚሸመተው ጨው ላይ እንቅርትን ለመከላከል የሚጨመረው አዮዲን በተፈጥሮ አንድ አይሶቶፕ (በኒውትሮን ብዛት የሚለይ የአቶም ዓይነት) ብቻ አለው፤ እሱም የፕሮቶንና የኒውትሮኑ ድምር 127 የሆነው ነው። ከቴሉሪየም የሚበዙት ግን 128 እና 130 ናቸው። ኮባልትም ባለ 59 ብቻ ሲሆን፣ ከኒኬል ሁለት ሦስተኛው ባለ 58 ነው።

የአርጎን ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። በከዋክብት ውስጥ የሚበዛው ቀላሉ አርጎን 36 ነው፤ የምድርም አርጎን እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ተራው ባልተዛነፈ ነበር። በምድር አየር ካለው አርጎን ግን 99.6 በመቶው አርጎን 40 ነው፤ ምንጩም ራሱ ፖታሲየም ነው። ከአሥር ሺህ የፖታሲየም አቶሞች አንዱ ያህል ፖታሲየም 40 ነው። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ሲሆን፣ ከሚፈርሰው ከመቶ 11 ያህሉ ወደ አርጎን 40 ይለወጣል።

የወሎ ምድር ዕድሜ የተነበበው በዚሁ ለውጥ ነው። የቀለጠ ድንጋይ አርጎኑን ያስወጣል፤ ሲረጋ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ደሴን የከበቡት የባዝልት ተራሮች የሚመደቡበት የላቫ ክምር ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው የታወቀው በአርጎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት የተነገረው ከአጥንቷ አካባቢ ካለ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከአመዱ አሸዋ የሚያካክሉ የፌልድስፓር ቅንጣቶች ይለቀማሉ፤ በኒውትሮን ተመትተው ከፖታሲየማቸው ጥቂቱ ወደ አርጎን 39 ይለወጣል። ከዚያ ቅንጣቷ በሌዘር ስትቀልጥ ሁለቱ አርጎኖች አብረው ይወጣሉና ዕድሜው ከንጽጽራቸው ይሰላል።